ሳይረኑ ያልጮኸበት ጠዋት

ውድ እትዬ፣

ቆመሽ እያነበብሽ ከሆነ ቁጭ በይ፤ ምክንያቱም ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የጎረቤት ልጅ ለምኜ ወይም የድርጅታችንን ጸሐፊ አስቸግሬ አይደለም። በራሴ እጅ፣ በራሴ እስክሪብቶ። የማታ ትምህርቱን ጨረስኩት። ጨረስኩት ስልሽ፣ ለሌላ ሰው የተረፈ ፊደል ያለ አይመስለኝም። መምህራችን የምስክር ወረቀቴን ሲሰጠኝ «አንተ ስትወጣ ይሄ ክፍል ጸጥ ይላል» አለኝ። ሙገሳ ነው ብዬ ተቀብዬዋለሁ።

የምነግርሽን ነገር በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ስልክ ላይ ታቋርጪኛለሽ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያልጨረስኩት ወሬ ሁሉ አንቺ ያቋረጥሽው ነው። ወረቀት ላይ ግን ማን ያቋርጠኛል? ቀጭኔ የምንላትን የሥራ ጓደኛዬንም አንድ ቃል እንዳትተነፍስልሽ አስምያታለሁ። መምህራችን «ደብዳቤ ከመጀመሪያው ይጀመራል፣ ማንም ቢያነበው እንዲገባው» ብሎናል፤ ስለዚህ የምታውቂውንም እየደጋገምኩ ብነግርሽ ታገሺኝ። የተማረ ሰው እንዲህ ነው።

የምንሠራው የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ በሚታጠብበት፣ እንፋሎቱ ክረምት ከበጋ በማይለይበት አዳራሽ ነው። አንሶላ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አያጥፈውም። አንዱ ከዚህ ጫፍ፣ ሌላው ከዚያ ጫፍ ይይዝና አራግፈው፣ ተገናኝተው፣ እንደገና ተራርቀው ነው የሚታጠፈው። ስለዚህ በኛ ቤት ሰው ሁሉ ጥንድ አለው። ጥንድሽ ከሌለች አንቺም የለሽም። ያንቺ ጥንድ ቀጭኔ ነበረች፤ አንቺ ከተጎዳሽና ወደ ልጅሽ ከተማ ከሄድሽ በኋላ ለኔ ተረፈች። ቁመታችንን ታውቂዋለሽ። እሷ አንሶላውን ወደ ላይ ስታራግፈው እኔ አብሬ የምነሳ ይመስለኛል። ግን እንደሷ ያለ እጅ የለም፤ ጥግ ከጥግ ስታገጥም በመሐሉ ንፋስ አይገባም።

አቶ ሰዓትን መቼም አትረሺውም። ሥራ አስኪያጃችን። እናቱ ያወጣችለት ስም ምን እንደሆነ ዛሬም የሚያውቅ የለም። ማሽኖቹ ሲሞቁ ቀድመን የገባነው ሥራ እንጀምራለን፤ ከዚያ ሳይረኑ ሲጮህ በሩ ይዘጋል፤ ውጭ የቀረ ቀረ። ዝናብ ቢሆን፣ በረዶ ቢሆን፣ ንፋሱ ጣሪያ ቢነቅል ለውጥ የለውም። ሰርቪሱማ ደረቅ ቀን ነው የሚሠራው። ሰማዩ ሲጠቁር ከሁላችንም ቀድሞ የሚጠለለው እሱ ነበር። «ሞተሩ ውሃ ከገባበት ማን ይጠግነዋል?» ይላል አቶ ሰዓት። እኛ ውሃ ቢገባብን ማን እንደሚጠግነን ተናግሮ አያውቅም።

ባለፈው ክረምት አንቺ ከዚያ የብረት ድልድይ ደረጃ ላይ የወደቅሽው ሳይረኑን ልትቀድሚ ስትሮጪ ነው። ዳሌሽን ታስረሽ ተኝተሽ ሳለ የላከልሽ መልስም ይህ ብቻ ነበር፤ «ከበር ውጭ የሆነ ነገር ድርጅቱን አይመለከተውም።» ያኔ እኔ አልጋሽ አጠገብ ቆሜ፣ አንገቴን እንደሱ ሰበቅ አድርጌ፣ ያንን ቃል በሱ ድምፅና በሱ አፍንጫ ስደግመው እያመመሽ ሳቅሽ። ነርሷ አስወጣችኝ። ያልነገርኩሽ ነገር ቢኖር፣ ከወጣሁ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ይህችን መስመር ለማንም እንዳታነቢ።

ከዚያ ወዲህ የአቶ ሰዓትን ድምፅ ማውጣት ሁለተኛ ሙያዬ ሆነ። ለዚህ ሰው እየደወልኩ «ነገ ቀደም ብለህ ግባ» እላለሁ፤ ለዚያኛው «ለምን ዛሬ ፈገግ አልክ?» እላለሁ። ያቺን «ከበር ውጭ» የምትለዋን ደግሞ አዳራሹ በሙሉ በቃሉ ያዛት፤ በምሳ ሰዓት እንደ መዝሙር ነው የምንላት። ቀጭኔን ያላታለልኩበት ሳምንት የለም። አንድ ቀን ግን ቁጥሬን አውቃ ልትይዘኝ ስትል፣ ስልኬን የተዋሱ እማማ በረኪናን ሆኜ አመለጥኳት። የእጥበቱን ክፍል የሚመሩትን እማማ በረኪናን፣ በሳሳ ድምፃቸው «ልጄ ሆይ» እያልኩ። ተሰጥኦ ነው እትዬ፤ ምን ላድርገው?

እንግዲህ ያን ጠዋት ዝናቡ የሚዘንብ ሳይሆን የሚደፋ ነበር። እኔ አሁን የተከራየሁት ከድርጅቱ ጀርባ ስለሆነ እየሮጥኩ ገባሁ። አዳራሹ ግማሽ ባዶ ነው። ከወንዙ ወዲህ ያለን ገብተናል፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት የሉም። ጠረጴዛዬ ጋ ደርሼ አንሶላውን ስይዝ ስልኬ ጮኸ። ቀጭኔ ናት።

«የት ነሽ?»

«ድልድዩ አፍ ላይ። ውሃው ብረቱን አልፎታል። የሚታየው መያዣው ብቻ ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ተመለሺ እንጂ!»

«ሳይረኑ አልጮኸም እኮ። መያዣውን አጥብቄ ከያዝኩ እደርሳለሁ። ከኋላዬ ያሉትም እኔን ነው የሚያዩት።»

«ቀጭኔ፣ አንቺ ረጅም ነሽ እንጂ መርከብ አይደለሽም።»

«አትቀልድብኝ! ባለፈው ስዘገይ ምን እንዳለኝ ሰምተሃል። ከደገምሽ ቦታሽ ለሌላ ነው ብሎኛል። ልጆቼን ምን ልበላቸው? ዝናብ ነበረ ልበላቸው?»

እትዬ፣ ከድምፅዋ በስተኋላ የወንዙ ድምፅ ይሰማኛል። የሚፈስ ውሃ እንደሱ አይጮህም። አንድ ነገር የሚያኝክ ይመስላል። «እኔ ተመልሼ እስክነግርሽ እግርሽን ከደረቁ እንዳታነሺ፣ ስልኩንም አትዝጊ» አልኳት። «ሳይረኑ እስኪጮህ ድረስ ብቻ» አለችኝ።

ስልኩን ሳልዘጋ ኪሴ ከትቼ ዞር ስል አቶ ሰዓት አዳራሹ መሐል ቆሟል። የካውያ ማሽኑ አንሶላውን እየተፋ መሬት ላይ ይከምረዋል፤ የሚቀበለው የለም። እያንዳንዱ ሰው የአንሶላ ጫፍ ይዞ፣ ሌላው ጫፍ መሬት ተዘርግቶ፣ ቆሟል።

«ምንድን ነው? ለምን አትሠሩም? ሆቴሉ እየጠበቀ ነው!»

«ጥንዴ የለችም ጌታዬ።»

«አንተስ?»

«የኔም ማዶ ነው።»

«እርስ በርሳችሁ ተጣመሩና ጨርሱ!»

እማማ በረኪና እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ብቅ አሉ። «ሰው ውሃ አፋፍ ላይ ቆሞ አንሶላ አይታጠፍም። ዛሬ እንደሱ አይሆንም» አሉ። ይህን ብለው ወደኔ አዩ። እኔም ወደ ፊት ወጣሁ። ወጣሁ ስልሽ፣ እማማ በረኪና ከኋላ ገፋ አድርገውኛል፤ ግን እግሩ የኔ ነው።

«ጌታዬ፣ ቀጭኔ ልትሻገር ነው። ቦታዋን እንዳያሳጧት ፈርታ ነው። ቅሪ ይበሏት፤ አንድ ቃል ነው።»

አንገቱን ሰበቀና «ከበር ውጭ የሆነ ነገር…» ብሎ ጀመረ።

አዳራሹ በሙሉ ጨረሰለት። «ድርጅቱን አይመለከተውም!» ሁሉም በሱ ድምፅ፣ ሁሉም በአፍንጫ፣ ሁሉም አንገቱን ሰብቆ! አፋችን ለምዶት ወጣ እንጂ ማንም አስቦ አልተናገረውም። አቶ ሰዓት ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። ራሱን በብዙ መስታወት ውስጥ ያየ ሰው ይመስል ነበር። ከዚያ እጁን ዘረጋ። «ስልኩን አምጣ።»

ሁሉም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍቼ ሰጠሁት።

«ሥራ አስኪያጁ ነኝ። እንዳትሻገሪ። ወደ ቤትሽ ተመለሺ።»

መጀመሪያ ውሃው ብቻ ተሰማ። ከዚያ ቀጭኔ «ኧረ አንተ ሰው! ዛሬ እንኳ አትተወኝም?» አለች።

«እኔ ነኝ እያልኩሽ ነው!»

«ጎበዝ! አሁንማ ቁርጥ እሱን። አፍንጫው ሳይቀር!»

«ሴትዮ፣ ስሚኝ…»

«የምን መስማት? እሱ ቢሆን ‹ተመለሺ› የሚል ቃል ከአፉ ይወጣል? እሱን እኔ አጣሁት? ሰው ሲሰምጥ ቢያይ ‹ለምን ዘገየህ› የሚል ሰው ነው። በል ተወኝ፣ ሰዓቱ እየደረሰ ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን መሬት ላይ እንንከባለል ነበር። ያን ጊዜ ግን አንድም ሰው አልሳቀም። እትዬ፣ ስንት ጊዜ ያሳቅሁበት ድምፅ አሁን ሰው ሊያሰምጥ ነው። ወደ ስልኩ ጮህኩ፤ «ቀጭኔ! እኔ ከጎኑ ቆሜያለሁ! እሱ ራሱ ነው!»

«ደግሞ ሁለት ድምፅ ታወጣለህ!»

እማማ በረኪና ስልኩን ነጠቁን። «ልጄ ሆይ፣ እኔ ነኝ፣ በማርያም እንዳትገቢ…»

«እማማ በረኪናንም ሆነህ ይቺኑ ‹ልጄ ሆይ› ብለህ አይደል የበላኸኝ? አሁንስ አልበላም!» ከዚያ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ያልለየ ድምፅ አወጣች። «እሺ። እውነት አቶ ሰዓት ከሆንክ ሳይረኑን አታስጮኸው። በሰዓቱ ካልጮኸ አምንሃለሁ። ከጮኸ ግን ገባሁ።»

አቶ ሰዓት ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። እኛም አየን። ከዚያ፣ በር የተከፈተለት ፈረስ ይመስል፣ ሮጠ።

በአዳራሹና በጥበቃው ቤት መካከል ያለውን ግቢ ታውቂዋለሽ። ያን ቀን ሐይቅ ሆኗል። አቶ ሰዓት ያለ ኮት፣ ያለ ጃንጥላ፣ በዚያ በሚያብረቀርቅ ጫማው ገባበት። እኔ ስልኩን ደረቴ ውስጥ ደብቄ ከኋላው። ንፋሱ ከፊት ይገፋናል፣ ዝናቡ ዓይን አያስከፍትም። መሐል ግቢ ሲደርስ እግሩ ከዳውና በጎኑ ወደቀ። በዳሌው፣ እትዬ። በዳሌው። ሲነሳ አንዱ ጫማው አብሮት አልተነሳም። ላነሳው ጎንበስ ስል «ተወው!» ብሎ በአንድ ጫማ ሮጠ።

የጥበቃው ሽማግሌ አምሳ አለቃ ሰዓታቸውን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው፣ ጣታቸውን የሳይረኑ ቁልፍ ላይ አድርገው ቆመዋል።

«አምሳ አለቃ! እንዳይነኩት!»

«ሰዓቱ ደረሰ ጌታዬ።»

«እንዳይነኩት አልኩ እኮ!»

አምሳ አለቃ በጭቃ የተለወሰውን ሰው ከላይ እስከ ታች አዩት። «እርስዎ ራስዎ ‹እኔ መጥቼ ብለምንዎት እንኳ እንዳያዘገዩ› ብለውኛል። ትእዛዝ ነው።» እኚህ ሰው መቼም ትእዛዝ ከተሰጣቸው ግድግዳም አያስቆማቸውም። ጣታቸው ሲወርድ አየሁ። አቶ ሰዓት ዘሎ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። ሁለቱ ሽማግሌና ጎልማሳ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ ቆሙ። ሰዓቱ ደረሰ። አለፈ።

ሳይረኑ አልጮኸም።

እኛ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ያን ጸጥታ ሰምቼው አላውቅም። ጣሪያው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ነበር። ከደረቴ ስልኩን አወጣሁ። ቀጭኔ በሹክሹክታ፦

«አልጮኸም።»

«አልጮኸም» አልኳት።

«ወይኔ! እውነትም እሳቸው ናቸው! ምን አልኩ እኔ አሁን? ምን ብዬ ነው የተሳደብኩት?»

አቶ ሰዓት እያለከለከ ስልኩን ወሰደ። «ከውሃው ራቂ። ሌሎቹንም ይዘሽ ራቂ። መኪና ይመጣል» አላት። ይህን ሲል ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር፤ ከብርድ ይሁን ከሌላ ነገር አልጠየቅኩትም።

የሰርቪሱ ሾፌር «በታችኛው መንገድ አልነዳም። በላይኛው እዞራለሁ፤ እዚያም ውሃ ካገኘሁ እመለሳለሁ» አለ። አቶ ሰዓት በልማድ «ሞተሩ ደግሞ…» ብሎ ጀመረና ራሱን አየ። ከካልሲው ጭቃ ይንጠባጠባል። አልጨረሰውም። በሩን ከፍቶ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠና ሄዱ። ሲመለሱ ቀጭኔና ሌሎቹ ከነነፍሳቸው ወረዱ፤ እንደ በሰበሱ እማማ በረኪና በሆቴሉ ነጭ አንሶላ ጠቀለሏቸው። ቀጭኔ በአንሶላ ተሸፍና ስትገባ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔን ፈልጋ አገኘችኝና መጀመሪያ በጥፊ አለችኝ። ከዚያ አቀፈችኝ። ከዚያ ደግሞ በጥፊ አለችኝ።

አሁን የኔ ተራ መጣ። እማማ በረኪና ለአቶ ሰዓት ሻይ ሰጥተው ሲያበቁ «ዛሬ የሆነው ለዛሬ ብቻ እንዳይሆን ይጻፍልን» አሉት። ጸሐፊዋ ማዶ ናት፣ ቤቷ ቀርታለች። የሱ እጅ በብርድ ደንዝዞ እስክሪብቶ አይዝም። «ማን ይጻፈው?» አለ። እጄን አወጣሁ። ሳቁብኝ! «ቀልዱን ተው፣ ቁም ነገር ነው» አሉኝ። እኔ ግን የሳሙና ካርቶን ቀደድኩ፣ አንሶላ የምንቆጥርበትን ጥቁር ማርከር አነሳሁ፣ ተንበረከክሁ። እሱ ይናገራል፣ ሰዉ ያርመዋል፣ እኔ እጽፋለሁ። እንዲህ ይላል፤ በቃሌ ነው የማውቀው፤ የጻፍኩት እኔ ነኛ፦

«ከባድ ዝናብ፣ ጎርፍ ወይም ንፋስ ሲኖር ሠራተኛ ከቤቱ ሳይወጣ ድርጅቱ ደውሎ ያሳውቃል። ሰርቪሱ በላይኛው መንገድ ይሄዳል፤ መንገዱ ይቻላል አይቻልም የሚለው ሾፌሩ ነው። ካልተቻለ ሠራተኛው ቤቱ ይቀራል፣ ቀኑም እንደተሠራ ይቆጠራል። ሥራ ላይ እያለን ሰማዩ ከከፋ ማንም በእግሩ አይሸኝም።»

እዚህ ላይ «በቃ» አለ። እኔ ግን አንድ መስመር ጨመርኩ። ቦታ ስላልነበረ ፊደሎቹ ተጠጋግተው፣ ጫፍ ላይ እንደ ሰርቪስ ተሳፋሪ ተደራርበው ቆሙ፦ «ወደ ሥራ ሲመጣ ወይም ሲመለስ የተጎዳ ሰው የድርጅቱ ሰው ነው።»

«ይህን ማን አለ?» አለኝ።

«እህቴ» አልኩት።

ከዚያ ማርከሩን ተቀብሎኝ ፈረመ። ጸሐፊዋ በማግስቱ በኮምፒዩተር አሳምራ ልታወጣው ነበር፤ ሠራተኛው እምቢ አለ። የኔ ካርቶን ነው በሩ ላይ የተሰቀለው። እንግዳ ሲመጣ ቆሞ ያነበዋል፤ እኔም በአጋጣሚ በዚያ አልፋለሁ።

አቶ ሰዓት ስለ ዳሌሽ ጠየቀኝ። ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። «ራስዎ ይጠይቋት» አልኩት፤ እንግዲህ ይህን ያልኩት ብቻዬን ቆሜ፣ ማንም ሳይገፋኝ ነው። ስልክሽን ስጠኝ አለኝ፤ ሳልጠይቃት አልሰጥም አልኩት። ጻፊልኝ። ስጠው ካልሽ እሰጠዋለሁ። አትስጠው ካልሽም በጽሑፍ እመልስለታለሁ፤ «አይሆንም» የሚለውን ቃል ቆንጆ አድርጌ ነው የምጽፈው። ከደወለልሽ ግን እኔ መስዬሽ እንዳትሰድቢው። ወይ ስደቢው፤ ኋላ «ወንድሜ መስሎኝ ነው» ትያለሽ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ የትና መቼ እንደሆነ ልንገርሽ። ቤቴ ነኝ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ብርድ ልብስ ለብሼ፣ መስኮቴ ላይ ዝናቡ እየተደፋ ነው። ዛሬ የሥራ ቀን ነው። ጠዋት ገና ጫማዬን ሳላስር ስልኬ ጮኸና ያው የአፍንጫ ድምፅ «ሾፌሩ አይቻልም ብሏል። ጥንድህም ቤቷ ቀርታለች፤ ቅር» አለኝ። ቀጭኔ ቅድም ደውላ «ምን እየሠራህ ነው?» ስትለኝ «ሥራ ላይ ነኝ» አልኳት። ልጆቿ ከኋላዋ ሲንጫጩ ይሰማኝ ነበር፤ እሷ ቤት ውስጥ፣ እነሱ ጀርባዋ ላይ።

ዝናቡ እንዳባራ ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን አልወጣም እትዬ። በሩ ላይ ተጽፏል።

የፊደል ጌታ የሆነው፣
ታናሽ ወንድምሽ